በካኑላ የሚሰጥ መድኃኒት ከደም ሥር ውጭ ሲፈስ፦ እጅን ከጉዳት ለማዳን ምን ይደረግ?

አንድ ሕመምተኛ መድኃኒት በካኑላ (ደም ሥር ውስጥ በሚተከል ቀጭን ቱቦ) እየገባለት ሳለ «ሲስተር፣ እጄን እያቃጠለኝ ነው» ሲል፣ በዚያች ደቂቃ የሚወሰደው እርምጃ የእጁን ዕጣ ሊወስን ይችላል። መድኃኒቱ ወዲያው ቢቆም ጉዳዩ በሁለትና በሦስት ቀን በሚጠፋ እብጠት ሊያበቃ ይችላል። «መድኃኒቱ ጠንካራ ስለሆነ ነው፣ ትንሽ ይታገሡ» ተብሎ ቢቀጥል ግን ቆዳው ጠቁሮ ሊሞት፣ ከሥሩ ያለው ጅማት ሊጋለጥ፣ ጣቶቹም ዳግመኛ መጨበጥ ሊያቅታቸው ይችላል። ይህ መመሪያ በቅድሚያ የተጻፈው ካኑላ ለሚያስገቡና መድኃኒት ለሚሰጡ ነርሶች፣ አዋላጆችና የጤና መኮንኖች ነው። አስታማሚዎችም እንዲያነቡት እመክራለሁ፤ ሌሊት አልጋው አጠገብ ተቀምጦ የእጁን ማበጥ ከሁሉ በፊት የሚያየው ብዙውን ጊዜ አስታማሚው ነውና።

የጉዳቱ ምንነትና የእጅ ጀርባ ደካማነት

በደም ሥር ውስጥ ሊገባ የታሰበ ፈሳሽ ከደም ሥሩ ወጥቶ በዙሪያው ወዳለው ሥጋ ሲፈስ፣ የሚከተለው ነገር በፈሳሹ ዓይነት ይወሰናል። የፈሰሰው እንደ ኖርማል ሳላይን (የጨው ውሃ) ያለ፣ በራሱ ሥጋን የማይጎዳ ፈሳሽ ከሆነ በሙያው ቋንቋ ኢንፊልትሬሽን ይባላል፤ ቦታው ያብጣል፣ ይወጠራል፣ ከዚያም ሰውነት ቀስ በቀስ መጥጦ ይጨርሰዋል። የፈሰሰው ሥጋን የሚያቃጥልና የሚገድል፣ ቬሲካንት የሚባለው ዓይነት መድኃኒት ከሆነ ግን ኤክስትራቫሴሽን ይባላል፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይም እርሱ ነው። ያም ሆኖ የመጀመሪያው ዓይነት ሁልጊዜ ቀላል ነው ብሎ መዘናጋት አይገባም። ብዙ ፈሳሽ በጠባብ ቦታ ከታጨቀ፣ ንጹሕ ሳላይን እንኳ ቢሆን፣ በግፊቱ ብቻ የደም ዝውውርን ሊያፍን ይችላል።

የእጅ ጀርባ ለዚህ አደጋ ከሰውነት ክፍሎች ሁሉ እጅግ ከተጋለጡት አንዱ ነው። ቆዳው ስስ ነው፣ ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ከቁጥር የማይገባ ነው፣ ከዚያ ቀጥሎ የሚገኙት ደግሞ ጣቶችን የሚዘረጉት ጅማቶች ናቸው። በክንድ ላይ ቢሆን በስብና በጡንቻ መካከል ተበትኖ ሊዳከም ይችል የነበረው መድኃኒት በእጅ ጀርባ ላይ በቀጥታ ከጅማቱ ጋር ይገናኛል። ጅማቱን የሚሸፍነው ስስ ሕብረ ሕዋስ ከሞተ፣ ራቁቱን በቀረ ጅማት ላይ የሚለጠፍ ቆዳ ስለማይዝ፣ ሕክምናው ከሌላ የሰውነት ክፍል ደም ሥሩን ይዞ የሚዛወር ሥጋ እስከመጠየቅ ይደርሳል። በአንጓው በኩል፣ ከአውራ ጣት ሥር ከፍ ብሎ፣ የራዲያል ነርቭ ቅርንጫፍ ከደም ሥሩ ጎን ለጎን ያልፋል፤ በአንዳንድ ሰዎች ደግሞ የራዲያል አርተሪ (ደም ወሳጅ ሥር) ቅርንጫፍ ከተለመደው ቦታው ወጥቶ ከቆዳ ሥር ስለሚያልፍ ደም መላሽ ሥር መስሎ ሊወጋ ይችላል። ይህ ሁሉ ሳለ፣ የእጅ ጀርባ ደም ሥር ለዓይን ጎልቶ ስለሚታይና ለመውጋት ስለሚመች ብቻ፣ ካኑላ ለማስገባት መጀመሪያ የሚመረጠው ቦታ እርሱ ሆኗል። ለሳላይንና ለተራ መድኃኒት ምርጫው ስሕተት አይደለም፤ ለቬሲካንት ግን ነው።

ይህ አደጋ እስከ ምን እንደሚያደርስ በይፋ የታወቀ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ ቨርሞንት ግዛት የምትኖር ዳያና ሌቪን የተባለች ሙዚቀኛ በማይግሬን ራስ ምታትና በማቅለሽለሽ ምክንያት ሕክምና ሄዳ፣ ፕሮሜታዚን የተባለው መድኃኒት በደም ሥሯ ተገፍቶ ተሰጣት። መድኃኒቱ በቀጥታም ይሁን ከደም ሥር ወጥቶ በዙሪያው በመፍሰስ ከአርተሪ ደም ጋር ተገናኘ፤ እጇ በጋንግሪን (በሥጋ መሞት) ተያዘ፤ ሐኪሞችም መጀመሪያ ቀኝ እጇን፣ ቀጥሎም ክንዷን ለመቁረጥ ተገደዱ። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2009 በስድስት ለሦስት ድምፅ ለእርሷ ተፈረደ። በዚያው ዓመት የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በፕሮሜታዚን መርፌ ላይ ከፍተኛው ማስጠንቀቂያ እንዲታተም አዘዘ፤ በ2023 ደግሞ መድኃኒቱ በጡንቻ በጥልቀት ቢሰጥ እንደሚመረጥ፣ በደም ሥር መስጠት ግድ ከሆነም ተበርዞ በዝግታ፣ ከእጅና ከአንጓ ደም ሥሮች ውጭ እንዲሰጥ የሚያሳስብ መግለጫ አወጣ። ፕሮሜታዚን በአገራችን የጤና ተቋማትም ለማቅለሽለሽና ለአለርጂ የሚታዘዝ መድኃኒት በመሆኑ ታሪኩን የሩቅ አገር ወሬ አድርገን ልናልፈው አንችልም።

ልዩ ጥንቃቄ የሚሹ መድኃኒቶች

አደገኛ መድኃኒት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የካንሰር መድኃኒትን ብቻ ነው። ዶክሶሩቢሲን፣ ቪንክሪስቲንና ቪንብላስቲን በእርግጥም ከሁሉ የከፉ ናቸው፤ በተለይ ዶክሶሩቢሲን በሞቱት ሕዋሳት ውስጥ ተከማችቶ ወደ ጎረቤት ሕዋሳት ስለሚሸጋገር ቁስሉ ለሳምንታት እየሰፋ ይሄዳል። ነገር ግን የካንሰር መድኃኒት የሚሰጠው በልዩ ክፍል፣ በተለይ በሠለጠኑ ነርሶች ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ በየድንገተኛ ክፍሉ፣ በየሕፃናት ዋርዱና በየጤና ጣቢያው ያለ ስጋት የሚገፋው መድኃኒት ነው።

ከእነዚህ አንዱ 40 በመቶ ግሉኮስ ነው። የደም ስኳሩ ወርዶ ራሱን ለሳተ ሰው ሕይወት አዳኝ ነው፤ ነገር ግን ውፍረቱ በሊትር ከ2000 ሚሊኦስሞል (የተሟሟ ነገር መጠን መለኪያ) በላይ ሲሆን የደማችን ከ300 በታች ነው። እንዲህ ያለ ወፍራም ፈሳሽ ከደም ሥር ሲወጣ ከሕዋሳቱ ውስጥ ውሃ እየሳበ ያደርቃቸዋል። ለሕፃን 40 በመቶውን እንዳለ መግፋት ፈጽሞ አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃናት የሚመክረው 10 በመቶ ግሉኮስ ሲሆን መጠኑም በኪሎ 5 ሚሊ ሊትር ነው። የተዘጋጀ 10 በመቶ ከሌለ አንድ እጅ 40 በመቶ ግሉኮስ ከሦስት እጅ ለመርፌ ከተዘጋጀ ንጹሕ ውሃ ጋር በመቀላቀል ይገኛል። ካልሲየም ግሉኮኔት፣ ወፍራም ፖታሲየም ክሎራይድ፣ ሶዲየም ባይካርቦኔትና ማኒቶልም በዚሁ ረድፍ ይቆማሉ። ፖታሲየም በእጅ ደም ሥር ሲሰጥ በአንድ ሊትር ውስጥ ከ40 ሚሊሞል፣ በሰዓትም ከ10 ሚሊሞል ባይበልጥ ይመረጣል፤ ያልተበረዘ ፖታሲየም በደም ሥር መግፋት ደግሞ ከእጅ ጉዳት አልፎ ልብን የሚያቆም ስለሆነ በማንኛውም ሁኔታ የተከለከለ ነው።

ሁለተኛው ወገን በአሲድነቱ ወይም በአልካላይነቱ የሚያቃጥለው ነው። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይን ፒኤቹ (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያው) 12 ገደማ ስለሆነ ከሳሙና ይልቅ ለበረኪና የሚቀርብ ነው። በእጅ ደም ሥር ሲሰጥ፣ የሚታይ መፍሰስ ሳይኖር እንኳ፣ ከሁለት እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እጅ ወይን ጠጅ መልክ ይዞ የሚያብጥበት፣ በሐኪሞች ዘንድ «የወይን ጠጅ ጓንት ሕመም» የሚባል ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ፌኒቶይን ከግሉኮስ ጋር ሲቀላቀል ስለሚረጋ በሳላይን ብቻ መበረዝ፣ ለአዋቂም በደቂቃ ከ50 ሚሊ ግራም በላይ አለመሰጠት፣ ከተቻለም በክንድ ትልቅ ደም ሥር መሰጠት አለበት። ዳያዜፓም፣ ታዮፔንታል፣ አሲክሎቪርና ቫንኮማይሲንም ጥንቃቄ ይሻሉ።

የመጨረሻዎቹ አድሬናሊን፣ ኖርአድሬናሊንና ዶፓሚን ናቸው። እነዚህ ሥጋን የሚገድሉት የአካባቢውን ጥቃቅን የደም ቧንቧዎች በማጥበብና ደም በማሳጣት ነው፤ ቦታው ነጥቶ ይቀዘቅዛል። የደም ግፊቱ ለወደቀ ሕመምተኛ በማዕከላዊ ደም ሥር (ለልብ በሚቀርብ ትልቅ ደም ሥር) መስጠት ባይቻል፣ ቢያንስ ከክርን በታች ባለው ክንድ ላይ በተተከለ ጥሩ ካኑላ ይሰጥ እንጂ በእጅ ጀርባ አይሁን።

መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት

ለቬሲካንት የሚመረጠው ቦታ በአንጓና በክርን መካከል ያለው ክንድ ነው። የእጅ ጀርባ፣ አንጓና የክርን መታጠፊያ ይወገዱ፤ የክርን መታጠፊያ ጥልቅ ስለሆነ መፍሰሱ እስኪታወቅ ብዙ መድኃኒት ሥጋ ውስጥ ይገባል። በአንድ ደም ሥር ላይ በቅርቡ የተወጋ ቀዳዳ ካለ፣ ከቀዳዳው በታች ካኑላ ተክሎ መድኃኒት መስጠት መድኃኒቱ በአሮጌው ቀዳዳ እንዲወጣ መንገድ መክፈት ነው፤ ስለዚህ ሲወጉ ከታች ጀምረው ወደ ላይ ይሂዱ እንጂ አይመለሱ። የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት የብብት ንፍፊቶቹ የወጡለት ወገን አይወጋ። ካኑላው ደም ሥሩን የማይሞላ፣ ቀጭን ይሁን፤ ለአዋቂ ሰማያዊው ወይም ሮዙ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ቢራቢሮ የሚባለው የብረት መርፌ ለቬሲካንት አይሆንም። ከትናንት ጀምሮ እጅ ላይ በቆየ ካኑላ ቬሲካንት ከመግፋት ይልቅ አዲስ መትከል ይሻላል።

የካኑላውን ጫፍ የሚሸፍን ወፍራም ፋሻና በእጅ ዙሪያ የተጠመጠመ ፕላስተር ጉዳቱን ከዓይን ይሰውራሉ። ግልጽ ፕላስተር ካለ ይጠቀሙ፤ ከሌለም ተራውን ፕላስተር ከካኑላው ጫፍ በላይ ያለው ቆዳ በሚታይበት አኳኋን ይለጥፉ። ይህ ነገር ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነው። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን «አቃጠለኝ» አይልም፣ የመድኃኒት መስጫው ፓምፕም ፈሳሹ ሥጋ ውስጥ እየገባ ቢሆን ላይጮኽ ይችላል። መዳፉን ከካርቶን በተሠራ መደገፊያ ላይ ስናሥር የጣቶቹ ጫፍና ካኑላው የገባበት ቆዳ ሙሉ በሙሉ መታየት አለባቸው፤ ቦታውም ቢያንስ በየሰዓቱ ታይቶ ውጤቱ ይመዝገብ። ሌሊት ክፍሉ ጨለማ ስለሆነ፣ ሕፃኑም ስለተኛ ብሎ ማለፍ ትልቅ ጥፋት ነው።

ልክ ከመስጠትዎ በፊት 5 ወይም 10 ሚሊ ሊትር ሳላይን በዝግታ ይግፉ፣ ደም ተመልሶ መምጣቱን ይመልከቱ፣ ሕመምተኛውንም ምን እንደሚሰማው ይጠይቁ። የደም መመለስ ጥሩ ምልክት ነው፣ ዋስትና ግን አይደለም፤ የካኑላው ጫፍ ግማሹ ደም ሥር ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ ሊሆን ይችላልና። ቬሲካንት በእጅ ሲገፉ በየ2 እስከ 5 ሚሊ ሊትሩ ደም መመለሱን እየፈተሹ፣ ዓይንዎን ከቦታው ሳያነሡ ይስጡ። ለሕመምተኛውም አስቀድመው በቀላል አማርኛ ይንገሩት፤ «ካቃጠለዎ፣ ካበጠ ወይም ከወጠረዎ ዝም አይበሉ፣ ወዲያው ይጥሩኝ» ይበሉት። ትልልቅ ሰዎች ነርሷን ላለማስቸገር ብለው ሕመማቸውን ውጠው ዝም እንደሚሉ ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ መፍቀድ ብቻ አይበቃም፣ እየተመለሱ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ምልክቶቹን መለየት

ማቃጠል፣ መውጋት፣ እብጠት፣ የቆዳ መወጠር፣ በካኑላው ዙሪያ ፈሳሽ መውጣት፣ የጠብታው መዘግየት ወይም መቆም፣ ሲገፉ የሚሰማ እምቢታ፣ የደም አለመመለስ፤ ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከታየ ሌላ ማረጋገጫ ሳይጠበቅ መድኃኒቱ ይቁም። መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የቆዳ መቅላትን በመጀመሪያ ይጠቅሳሉ፤ ይሁንና ይህ ገለጻ የተጻፈው ነጭ ቆዳ ታስቦ ነው። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ፣ ወይም እንደ መጥቆርና እንደ ወይን ጠጅ ቀለም ብቻ ሊታይ ይችላል። በመሆኑም በዓይን ብቻ አይፍረዱ። ሁለቱን እጆች ጎን ለጎን አድርገው ያነጻጽሩ፣ በጣትዎ ጀርባ ሙቀቱን ይፈትሹ፣ ጥንካሬውን ይዳስሱ፣ የጥፍሩን ሥር ተጭነው ሲለቁ ደም በምን ያህል ፍጥነት እንደሚመለስ ይመልከቱ።

አንድ ምልክት ከሌሎቹ ተለይቶ መታወቅ አለበት። መድኃኒቱ ሲገፋ ሕመሙ ወደ ላይ ወደ ክንድ ሳይሆን ወደ ታች ወደ ጣቶች ከሮጠ፣ ጣቶቹም ከነጡ፣ ወደ ሲሪንጁ የሚመለሰው ደም ደማቅ ቀይና የሚመታ ከሆነ፣ የተወጋው አርተሪ ነው። ያን ጊዜ መድኃኒቱ ይቁም፤ ካኑላው ግን አይነቀል፤ ለሕክምናው መግቢያ በር እርሱ ነውና ሐኪም በአስቸኳይ ይጠራ።

የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች

መድኃኒቱን ያቁሙ። ቀጥሎ ብዙዎቻችን በድንጋጤ የምናደርገው ካኑላውን ነቅሎ በጥጥ መጫን ነው፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። ካኑላው ባለበት ይቆይ፣ ምክንያቱም የፈሰሰውን መድኃኒት መልሶ ለመሳብ ያለን መንገድ እርሱ ብቻ ነው። የግሉኮሱን ቱቦ ከካኑላው ይለዩ፤ ትንሽ ባዶ ሲሪንጅ በቀጥታ ካኑላው ላይ ያያይዙና የሚቻለውን ያህል መድኃኒትና ደም በዝግታ ይሳቡ። «ተደፍኖ ይሆናል» ብሎ በሳላይን መግፋት የፈሰሰውን መድኃኒት ወደ ውስጥ አርቆ መበተን ስለሆነ አይሞከር።

ከዚህ በኋላ ማርከሻ መድኃኒት በካኑላው በኩል የማይሰጥ ከሆነ ካኑላውን ቀስ ብለው ያውጡ፣ ቦታውን ግን አጥብቀው አይጫኑ። አይሹት፤ ማንም እንዲያሸው አይፍቀዱ። ያበጠውን ወሰን ዙሪያውን በእስክሪብቶ ያስምሩ፣ ሰዓቱንም ከመስመሩ አጠገብ ይጻፉ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ እብጠቱ መስፋቱን ወይም መቀነሱን ተከራካሪ በሌለበት የሚነግርዎ ይህ መስመር ነው። ሕመምተኛው ከፈቀደ ፎቶግራፍ ያንሡ። ቀለበት፣ አምባር፣ ሰዓትና በአንጓ ላይ የታሠረ ክር ሁሉ አሁኑኑ ይውለቅ፤ ጣት ካበጠ በኋላ ቀለበት ማውጣት ራሱን የቻለ ችግር ነው። እጁ ከልብ ከፍ ብሎ በትራስ ላይ ይደገፍ ወይም ከግሉኮስ መስቀያው ላይ በጨርቅ ይንጠልጠል፤ ይህም ለ48 ሰዓት ይቀጥል። የሕመም ማስታገሻ ይሰጥ፣ ሐኪሙም ይጠራ። ሕክምናው መቀጠል ካለበት አዲሱ ካኑላ በሌላው እጅ ይተከል።

ቅዝቃዜ፣ ሙቀትና ማርከሻ

ቅዝቃዜና ሙቀት እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ይለያያሉ፤ ቢቀያየሩ ይጎዳሉ። ለአብዛኞቹ ቬሲካንቶች፣ በተለይ ለዶክሶሩቢሲን፣ ደረቅ ቅዝቃዜ ይመረጣል፤ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ በቀን አራት ጊዜ፣ ለአንድና ለሁለት ቀን ይደረጋል። ቅዝቃዜው የደም ቧንቧዎችን በማጥበብ መድኃኒቱ ባለበት እንዲቆይ ያደርጋል። ለቪንክሪስቲንና ለቪንብላስቲን፣ እንዲሁም ለአድሬናሊንና ለኖርአድሬናሊን ግን ደረቅ ሙቀት ነው የሚደረገው፤ የመጀመሪያዎቹ ተበትነው እንዲቀንሱ፣ የኋለኞቹ ያጠበቡት የደም ቧንቧ እንዲከፈት ያስፈልጋል። በረዶ በቀጥታ ቆዳ ላይ አይቀመጥ። እርጥብ ሙቀትም፣ ማለትም በፈላ ውሃ የተነከረ ጨርቅ፣ የተጎዳውን ቆዳ ስለሚያረጥበውና ስለሚልጠው አይደረግ።

ማርከሻዎቹ በየሆስፒታሉ ፋርማሲ አይገኙም፤ ስለዚህ ተቋምዎ የትኛው እንዳለው ጉዳት ሳይደርስ አስቀድመው ይጠይቁ፣ ዝርዝሩንም በዋርዱ ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። ሃያሉሮኒዴዝ የተባለው ኢንዛይም በሥጋ መካከል ያለውን ማጣበቂያ በማላላት የፈሰሰው ፈሳሽ ተበትኖ እንዲመጠጥ ያደርጋል፤ ለወፍራም ግሉኮስ፣ ለካልሲየም፣ ለፖታሲየምና ለቪንክሪስቲን ይጠቅማል፤ ለዶክሶሩቢሲን ግን አይሰጥም። የተለመደው አሰጣጥ 150 ዩኒት በአንድ ሚሊ ሊትር አድርጎ፣ በአምስት ከፍሎ፣ በጣም ቀጭን በሆነ መርፌ በእብጠቱ ጠርዝ ዙሪያ ከቆዳ ሥር መውጋት ነው፤ በመጀመሪያው ሰዓት ቢሰጥ ይመረጣል። ለኖርአድሬናሊንና ለመሰሎቹ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም ፌንቶላሚን በ10 ሚሊ ሊትር ሳላይን ተበርዞ በ12 ሰዓት ውስጥ በአካባቢው ይወጋል፤ የነጣው ቆዳ ወዲያው ደም ሲመለስበት ይታያል። ፌንቶላሚን ከሌለ ከቆዳ ሥር የሚወጋ ተርቡታሊን ወይም 2 በመቶ የናይትሮግሊሰሪን ቅባት ሐኪሙ ሊያዝ ይችላል። ለዶክሶሩቢሲን ዴክስራዞክሳን በ6 ሰዓት ውስጥ በሌላው እጅ ደም ሥር ተጀምሮ ለሦስት ቀን ይሰጣል፤ ከመጀመሩ 15 ደቂቃ በፊት በረዶው መነሣት አለበት። ሃይድሮኮርቲዞንን በጉዳቱ ዙሪያ መውጋት ድሮ ይደረግ የነበረ ቢሆንም በቪንካ መድኃኒቶች (በቪንክሪስቲንና በቪንብላስቲን) ላይ ጉዳቱን ስለሚያባብስ አይደረግ።

ለቀዶ ሐኪም መቼ ይነገር?

የቀዶ ሐኪም የሚጠራው ቁስሉ ከጠቆረ በኋላ ነው የሚለው ልማድ ብዙ እጆችን ጎድቷል። እ.ኤ.አ. በ1993 ጎልት የተባሉ እንግሊዛዊ የፕላስቲክ ሰርጀሪ ሐኪም የ96 ሕሙማንን ተሞክሮ ባሳተሙበት ጽሑፍ፣ በቆዳው ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አድርጎ የፈሰሰውን መድኃኒት በብዙ ሳላይን ማጠብ፣ በጊዜ ከተደረገ፣ ብዙዎችን ከሥጋ መሞት እንደሚያድን አሳይተዋል። ይህ እጥበት የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ ስለዚህ ጠንካራ ቬሲካንት በእጅ ጀርባ ላይ ከፈሰሰ፣ ወይም ቆዳው ነጥቶ ደም የማይመለስበት ከሆነ፣ ወይም ውሃ ከቋጠረ፣ ለማታ ዙር ሳይቆይ ወዲያው ለቀዶ ሐኪም ይነገር። በጤና ጣቢያ ያለ ባለሙያም ሪፈር የሚጽፈው በዚያው ሰዓት ነው።

ከዚህም የሚያስቸኩል አንድ ሁኔታ አለ። የእጅ ጡንቻዎች የሚገኙት በአሥር ጠባብ ክፍሎች ውስጥ ሲሆን፣ በእነዚህ ውስጥ ግፊት ከጨመረ ጡንቻውና ነርቩ በሰዓታት ውስጥ ይሞታሉ። ምልክቱ ከሚታየው ጉዳት በላይ የሆነና በማስታገሻ የማይበርድ ሕመም፣ ሌላ ሰው ጣቶቹን ቀስ ብሎ ሲዘረጋቸው ወይም ሲያጥፋቸው የሚያስጮኽ ሕመም፣ የጣት መደንዘዝና እንደ እንጨት የጠጠረ እጅ ነው። የአንጓው ትርታ ስለሚዳሰስ ብቻ ችግር የለም አይባል፤ ትርታው እስከ መጨረሻው ሊቆይ ይችላል። ይህ ሲሆን ክፍሎቹን ከፍቶ ግፊቱን የሚያስለቅቅ ቀዶ ሕክምና በአስቸኳይ ያስፈልጋል። በሕፃን ላይ ያለማቋረጥ ማልቀስና እጁን ሲነኩት መባባስ የዚሁ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት

በመጀመሪያው ቀን እጁ በየሁለትና በየአራት ሰዓቱ፣ ከዚያ በ24፣ በ48 እና በ72 ሰዓት፣ ቀጥሎም በሳምንቱ ይታይ፤ ዶክሶሩቢሲን ከሆነ ለብዙ ሳምንታት። የቬሲካንት ጉዳት በመጀመሪያው ቀን ቀላል መስሎ በሳምንቱ ጥቁር ቅርፊት ሊያወጣ ስለሚችል «ደህና ሆኗል» ብሎ ያለ ቀጠሮ መሸኘት አይገባም። የቋጠረ ውሃ አይፈንዳ፤ ከፈነዳም በንጹሕ፣ በማይጣበቅ ሽፋን ይሸፈን። ቁስሉ ከተከፈተ በሐኪም እየተጠረገ ይታከማል፤ ሰፊ ከሆነ ወይም ጅማት ከታየ፣ አዲስ አበባ ላይ እንደ የካቲት 12 ሆስፒታል ያሉ የቃጠሎና የፕላስቲክ ሰርጀሪ አገልግሎት ወዳላቸው ተቋማት ይላክ።

እጁ ማሰሪያ ካስፈለገው አቀማመጡ ያለ ምክንያት የተመረጠ አይደለም፤ አንጓው ትንሽ ወደ ኋላ ተቀንቶ፣ ጣቶቹ ከመዳፉ ጋር በሚገናኙበት መገጣጠሚያ ከ70 እስከ 90 ዲግሪ ታጥፈው፣ የጣቶቹ የራሳቸው መገጣጠሚያዎች ግን ቀጥ ብለው ይታሠራሉ። እንደተመቸ ታስሮ ለሳምንታት የቆየ እጅ ይደርቃል፤ ከደረቀ ደግሞ ቁስሉ ቢድንም እጁ እንጀራ መቁረስ ያቅተዋል። ስለዚህ ሕመሙ እንደበረደ፣ ሐኪሙ ካልከለከለ በቀር፣ ጣቶችን በቀን ብዙ ጊዜ ማጠፍና መዘርጋት፣ ቢቻልም በፊዚዮቴራፒስት መታገዝ ያስፈልጋል።

ቤት ለተመለሰ ሕመምተኛና ለቤተሰቡ የምንሰጠው ምክር አጭርና ግልጽ ይሁን። እጁ በወጌሻ አይታሽ፤ በፍል ውሃና በጨው አይዘፍዘፍ፤ ቅቤም ሆነ ሌላ ቅባት አይቀባ፤ በጨርቅ ተጠፍሮ አይታሠር። ሕመሙ ከጨመረ፣ ቆዳው ከጠቆረ ወይም ከቀዘቀዘ፣ ጣቶቹ ከደነዘዙ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ቁስሉ መግል ከያዘ በዚያው ቀን ይመለሱ።

በመጨረሻም በካርዱ ላይ የሚጻፈው ነገር አለ፦ የመድኃኒቱ ስም፣ ውፍረቱ፣ የፈሰሰው ግምታዊ መጠን፣ ሰዓቱ፣ ካኑላው የነበረበት ቦታና መጠኑ፣ ሕመምተኛው መጀመሪያ ያለው ቃል፣ የተደረገለት ሕክምናና የተነገረው ሐኪም ስም። ይህንኑ በትንሽ ወረቀት ገልብጠው ለሕመምተኛው በእጁ ይስጡት። ሰውየው ከሳምንት በኋላ በሌላ ሆስፒታል ሲቀርብ ሐኪሙ የሚያየው አንድ ጥቁር ቁስል ብቻ ነው፤ የፈሰሰው ካልሲየም ይሁን ዶክሶሩቢሲን ማወቁ ቁስሉን አሁን ይክፈት ወይስ ይጠብቅ የሚለውን ውሳኔ ይለውጠዋል፤ ሕመምተኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያስታውሰው «ግሉኮስ ሲሰጠኝ ነው ያበጠው» የሚለውን ብቻ ነው።